ኒሻን፣ ሜዳሊያ ወይስ ሽልማት? ከጅማ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። የምሠራበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው። እኔ የዝግጅት ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ የሚወጡ አንድ አንጋፋ መምህራችንን፣ ብልጫ ያመጡ ተማሪዎችንና የእግር ኳስ ቡድናችንን ልንሸልም አስበናል። ግን ቃል ላይ ተጣላን። አንዱ የኮሚቴ አባል ‹ሜዳሊያ የጣሊያን ነው፤ ንጹሕ አማርኛው ኒሻን ነው፤ ለመምህሩ የክብር ኒሻን ብለን እንጻፍ› ይላል። ሌላዋ ‹ሽልማት የሚባለው ገንዘብ ሲኖርበት ነው፤ ያለዚያ እውቅና ነው› ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ በምንሰጠው ሰሌዳ ላይ በኦሮሞ ሥርዓት የሚከበረው የከለቻ ምስል ይቀረጽ ይላል። ቃላቱ ከየት መጡ? ምልክት፣ አርማና ተምሳሌት ይለያያሉ? የትኛውን እንጻፍ?»

ምላሽ፦ ኒሻን ንጹሕ አማርኛ አይደለም። ግእዝም አይደለም። ቃሉ የፋርስ ነው። ፋርሶች ኒሻን የሚሉት ምልክትን ነው፤ አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ማንኛውንም ምልክት። ከፋርስ ተነሥቶ ወደ ቱርክ፣ ወደ ዐረብና ወደ ህንድ አገሮች ተሻገረ። የኦቶማን ሱልጣኖች ለባለውለታዎቻቸው ደረት ላይ የሚንጠለጠል የክብር ምልክት መስጠት ሲጀምሩ ይህንኑ ቃል ተጠቀሙ። ሱልጣን ማህሙድ 2ኛ በ1831 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት «ኒሻኒ ኢፍቲሃር» ይባል ነበር። ፓኪስታን ዛሬም ለወታደር የምትሰጠው ትልቁ የጀግንነት ክብር «ኒሻነ ሃይደር» ነው። የኮሚቴ አባልዎ ሜዳሊያን በባዕድነቱ የሚጥሉት ከሆነ ኒሻንንም አብረው መጣል አለባቸው።

በአማርኛ ኒሻን ሁለት ትርጉም ይዞ ቀረ። አንዱ መንግሥት የሚሰጠው የክብር ምልክት ነው። ሌላው ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ነገር ነው፤ «ኒሻን ተኩስ»፣ «ኒሻን መታ» እንላለን። ብዙ ሰው እነዚህ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ሁለት ቃላት ይመስሉታል። አንድ ቃል ናቸው። የሚተኮስበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል፤ ጀግናውም ደረቱ ላይ ምልክት ተደርጎለታል። የሚገርመው ዒላማም እንዲሁ ነው። ዐረብኛው «ዐላማ» ምልክት ማለት ነው፤ የእኛ ዒላማና ዓላማ የሱ ዘመዶች ናቸው። ሰንደቅ ዓላማ ስንል ሰንደቁ የሚሰቀልበት እንጨት፣ ዓላማው ጨርቁ ነው። «የሕይወቴ ዓላማ» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው፤ ዓይን ጥሎ የሚሄዱበት ምልክት ማለት ነው። ምልክት የሚለው ሐሳብ እንዲህ በተለያየ ልብስ ቋንቋችን ውስጥ ይመላለሳል። ለዚህ ነው በእናንተ ኮሚቴም ቃላቱ የተቀላቀሉት።

ሜዳሊያ በእርግጥ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያኖቹም ከላቲን አግኝተውታል። አብዛኞቹ የቃላት አጥኚዎች «ሜታሉም» ከሚለው ማዕድን ወይም ብረት ከሚል የላቲን ቃል ጋር ያገናኙታል፤ ላቲንም በተራው ከግሪክ ተቀብሎታል። እንግዲህ ቃሉ በሥሩ የሚናገረው ስለ ቁሱ ነው። ከብረት የተሠራ ነገር ማለት ነው። ስለ ክብሩ ምንም አይልም። ይህን ልብ ይበሉት፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

አማርኛ ይህን ቃል በሦስት በር አስገብቶታል። በፈረንሳይኛው በር «ሜዳይ» ሆኖ ገባ። የአርበኞችን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሰው «የአርበኝነት ሜዳይ ባለ 5 ዘንባባ» የሚለውን ሐረግ ያውቀዋል። ዘንባባው ሪባኑ ላይ የሚሰካ ትንሽ የቅጠል ቅርጽ ነው፤ 5ቱ ዘንባባ 5ቱን የአርበኝነት ዓመት ይቆጥራሉ። በጣሊያንኛው በር ሜዳሊያ፣ በእንግሊዝኛው በር ሜዳል ሆኖ ገባ። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጡም። ሜዳይ ሲባል ሰሚው ወታደርና አርበኛን ያስባል። ሜዳሊያ ሲባል ሩጫ፣ ኦሊምፒክ፣ የምረቃ ቀን ይመጣበታል። ሜዳል የአፍ ወሬ ነው፤ ሰሌዳ ላይ አያምርም። ለተማሪ የሚስማማው ሜዳሊያ ነው።

ጣሊያንኛ መሆኑ እንዳያስጨንቃችሁ። ባንዲራ፣ መኪና፣ ፋብሪካ፣ ፖስታ፣ ጎማ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ባለሜዳሊያ፣ ሜዳሊያዎች ብለን በራሳችን ሰዋስው ካራባነው ቆይተናል። ቃል ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «ከየት መጣ?» ብቻ አይደለም። «ዛሬ ሰሚው ምን ይረዳዋል?» የሚለው ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። ሽልማት የሚወጣው «ሸለመ» ከሚለው ግስ ነው። ሸለመ ማለት አስጌጠ፣ አሳመረ፣ በጌጥ አለበሰ ማለት ነው። ሙሽራ ትሸለማለች። በቅሎ በመጣብር ትሸለማለች። ቤት ለበዓል ይሸለማል። ሰውን ለማክበር ልብስና ጌጥ ሲሰጠውም ሸለመው ተባለ። ገንዘቡ ኋላ የመጣ ነው።

የድሮው የቤተ መንግሥት ልማድ ይህን በደንብ ያሳያል። «ሹመት ሽልማት» የሚለው ጥምር ያለ ምክንያት አልተጣመረም። የተሾመ ሰው ይለብሳል። ንጉሡ ለጀግናቸውና ለሹማቸው የአንበሳ ለምድ፣ ካባ፣ የሐር ቀሚስ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የወርቅ ወይም የብር ቢትዋ ይሰጡ ነበር። ቢትዋ ክንድ ላይ የሚጠልቅ ሰፊ አምባር ነው። ሰውየው ከግቢ ሲወጣ ገና ሳይናገር ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሽልማቱ ኪስ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ገላ ላይ የሚታይ ነበር። አደባባይ የሚያውቀው ነበር።

ይህ ልማድ አልጠፋም። እዚህ ጅማ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲከበር ጋቢ ወይም ቡሉኮ ትከሻው ላይ ይደረግለታል። ሰዉ ቆሞ ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱና ሰሌዳው የሚመጣው። ብዙ የዝግጅት ኮሚቴዎች ቡሉኮውን እንደ ማሟያ፣ ሰሌዳውን እንደ ዋና ሽልማት ይቆጥራሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። በቃሉ ሥር ብንሄድ፣ ሰውየው የተሸለመው ቡሉኮው ትከሻው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው። ሰሌዳው ማስታወሻው ነው።

ስለዚህ «ገንዘብ ከሌለው ሽልማት አይባልም» የሚለው ስሕተት ነው። ሽልማት የጠቅላላው ነገር ስም ነው። ሜዳሊያ፣ ዋንጫ፣ ካባ፣ ገንዘብ፣ መጽሐፍ የሽልማቱ ዓይነቶች ናቸው። የኖቤል ሽልማት ተቀባይ ሜዳሊያ፣ ዲፕሎማና ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው ሽልማቱ። በነገራችን ላይ ዲፕሎማ የግሪክ ቃል ነው፤ ሁለት ላይ የታጠፈ ማለት ነው። ጥንት ሥልጣን ወይም መብት የሚሰጥ ጽሑፍ ታጥፎ ይያዝ ስለነበር ነው። የዛሬው ዲፕሎማ ተዘርግቶ መስተዋት ውስጥ ይሰቀላል፤ ስሙ ግን እንደታጠፈ ቀርቷል።

ሽልማትን ከስጦታም መለየት ያስፈልጋል። ስጦታ ምክንያት አይጠይቅም። ሽልማት ግን የተሠራ ሥራ፣ የተመዘነ ውጤት ይጠይቃል። ሌላም ልዩነት አለ፤ ዛሬ ዛሬ እየተረሳ ነው። ሽልማት ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ከመንግሥት ወደ ዜጋ፣ ከተቋም ወደ ሠራተኛ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው በድሮው አነጋገር እጅ መንሻ ነበር። ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለመምህሩ አንድ ነገር ሊሰጡ ካሰቡ «የተማሪዎች ሽልማት» ብላችሁ አትጻፉ። ተማሪ መምህሩን አይሸልምም። «ከተማሪዎችዎ የተሰጠ የምስጋና ስጦታ» ወይም «መታሰቢያ» በሉት። ትምህርት ቤቱ እንደ ተቋም ሲሰጥ ግን ሽልማት ማለት ይችላል።

እውቅናስ? «ዐወቀ» ከሚለው ነው፤ ሥራህን አውቀንልሃል ማለት ነው። መጥፎ ቃል አይደለም። ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ በቢሮ ቋንቋ እውቅና ፈቃድ ማለትም ነው፤ «እውቅና ያለው ኮሌጅ» እንላለን። «የእውቅና ሰርተፍኬት» የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ሲወጣ አንዳንዱ ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ቀዝቃዛ ነው። ዕድሜያቸውን ጠመኔ ይዘው ላሳለፉ ሰው «ዐውቀንልዎታል» ማለት ያንሳል። «ምስጋና» ወይም «ክብር» የሚል ቃል አስገቡ።

ዋንጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጅማ ሰው ደስ የሚል ታሪክ አለው። ዋንጫ በመጀመሪያ ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነው። የከብት ወይም የጎሽ ቀንድ ተጠርቦና ተወልውሎ ጠጅና ጠላ ይጠጣበት ነበር። በአፋን ኦሮሞም ቃሉ ያው ዋንጫ ነው፤ ትርጉሙም ያው ነው። የአውሮፓ የውድድር ልማድ ሲመጣ፣ አሸናፊ የሚቀበለው የብር መጠጫ ቅርጽ ስለነበረው ሁለቱም ቋንቋዎች ሳይቸገሩ ቤት ውስጥ የነበረውን ቃል ሰጡት። እንግሊዞቹ የሚሉት ትሮፊ ከሌላ ሐሳብ የተነሣ ነው። ግሪኮች ጠላት ፊቱን አዙሮ መሸሽ በጀመረበት ቦታ ላይ የማረኩትን ጋሻና ጦር እንጨት ላይ ይሰቅሉ ነበር። ስሙ «መዞር» ከሚለው ቃላቸው ወጣ። እነሱ የሽሽትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ እኛ የድግስን ዕቃ።

ቃሉ ዛሬ ከቅርጹ ተላቋል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የዓለም ዋንጫ መጠጫ አይመስልም፤ ሁለት ሰዎች ምድርን ተሸክመው የሚያሳይ ቅርጽ ነው። ግን ዋንጫ ነው። በ1954 ዓ.ም. ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበልም፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳም ሕዝቡ የጮኸው «ዋንጫ» ብሎ ነው። ለቡድናችሁ ሌላ ቃል አትፈልጉ።

ማዕረግ የሚለውንም ሰርተፍኬት ላይ ትጠቀሙበት ይሆናል። ከግእዙ «ዐርገ»፣ ማለትም ወጣ፣ ከፍ አለ፣ የመጣ ነው። ማዕርግ የደረጃ እርከን ነው። «በማዕረግ» ልትጽፉ የምትችሉት በነጥብ ለተለየ ተማሪ ብቻ ነው። ለማድመቅ ተብሎ አይጻፍም።

ምልክት፣ አርማና ተምሳሌት አንድ አይደሉም። ምልክት ሰፊው ነው። «አመለከተ» እና «ተመለከተ» የሱ ቤተሰቦች ናቸው። የሚያመለክት ሁሉ ምልክት ነው፦ የመንገድ ምልክት፣ የሕመም ምልክት፣ በግ ጆሮ ላይ የሚደረግ ምልክት። አርማ አንድ አገር ወይም ተቋም ራሱን ለማሳወቅ መርጦ የያዘው ምልክት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማውንና መሐሉ ላይ የሚያርፈውን ዓርማ ለይቶ ይጠራቸዋል። ተምሳሌት «መሰለ» ከሚለው ነው፤ የሚታየው ነገር ከራሱ በላይ ሌላ ሐሳብ ሲሸከም ነው።

ኦዳን አስቡ። ዛፉ ሥሩ ጉባኤ የሚቀመጡበት፣ ሕግ የሚታወጅበት፣ እርቅ የሚወርድበት ስለሆነ የሰላምና የሕግ ተምሳሌት ነው። በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሲቀመጥ አርማ ሆነ። አንድ ጫካ ውስጥ «ከኦዳው ወደ ግራ ታጠፍ» ሲሉን ደግሞ የመንገድ ምልክት ብቻ ነው። ያው ዛፍ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ነው።

ግእዝ ለዚህ ሁሉ ትእምርት የሚል የከበረ ቃል አለው። «አመረ»፣ ማለትም አሳየ፣ አመለከተ፣ ከሚለው ነው። ተአምርም የሱ ወንድም ነው፤ ተአምር የሚያሳይ ነገር ነውና። ትእምርተ ጥቅስ ስንል በየቀኑ እንጠራዋለን። የሥነ ጽሑፍና የፎክሎር ሰዎች ለሲምቦል ይጠቀሙበታል። ሲምቦል ራሱ የግሪክ ነው፤ አንድ ላይ የተጣለ፣ የተገጠመ ማለት ነው። ሁለት ወዳጆች አንድ ሸክላ ሰብረው እኩሌታውን ይካፈሉና፣ ኋላ ሲገናኙ ስባሪዎቹን ገጥመው ይተዋወቁ ነበር። እኔ ትእምርትን እወደዋለሁ፤ ግን የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ አይመከርም። ወላጆች ቆመው የሚያነቡት ጽሑፍ ያለ አስተርጓሚ መነበብ አለበት።

ማኅተምን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ኀተመ» ማለት ዘጋ፣ አሸገ ማለት ነው። ዐረብኛውም ተመሳሳይ ቃል አለው። ማኅተም ያረፈበት ነገር ያለቀለት፣ የጸደቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ላይ ያለው አንበሳ ተምሳሌት ነው፤ ዙሪያውን «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው መለያ ጽሑፍ ነው፤ ማኅተሙ ግን ወረቀቱን የሚያጸድቀው ሥልጣን ነው። አንዳንድ ቦታ የተቋሙ ማኅተም ምስል እንደ ጌጥ ሰሌዳና ቲሸርት ላይ ሲታተም አያለሁ። አደገኛ ነው። የተሳለ ማኅተም የሐሰት ማኅተም ለሚቀርጽ ሰው ንድፍ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ አርማችሁን አስቀርጹ፤ ማኅተሙን ወረቀት ላይ ብቻ ምቱ።

ስለ ከለቻ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር። ከለቻ ጌጥ አይደለም። በኦሮሞ ሥርዓት ግንባር ላይ የሚታሰር ወይም በእጅ የሚያዝ፣ ከምርቃትና ከእርቅ ጋር የተያያዘ የተከበረ ዕቃ ነው። የሚይዘው ሰው ይታወቃል፤ የሚወጣበት ቀንና ምክንያትም አለው። ቦኩም እንዲሁ ነው፤ የአባ ቦኩ በትረ ሥልጣን ነው። ሲንቄ የሴቲቱ መብትና የእርቅ በትር ናት። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እነዚህን ምስሎች በየፖስተሩ መለጠፍ በዝቷል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ተምሳሌት ከሥርዓቱ ሲነጠል ሥዕል ብቻ ይሆናል።

የጎረቤታችንን የከፋ መንግሥት ነገር አስታውሱ። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ሲማረኩ ዘውዳቸው ተወስዶ የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ከአገር ወጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተመለሰው። ያ ሁሉ ድካም ለወርቁ ሲባል አልነበረም። ዘውዱ ካለ ንግሥናው አለ ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ያለውን ክብደት ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ አይወስነውም። ከለቻን የግድ እንጠቀም ካላችሁ መጀመሪያ የአካባቢውን አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ጠይቁ። እነሱ ዝም ካሉ ተዉት።

የሁላችንም የሆነ፣ ማንንም የማያስቀይም ሌላ ምስል ሞልቷል። የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው አለ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። በርጩማ እንደ ዋንጫ ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ የሚጠራ ቃል ነው።

አሁን ኒሻንን ልቋጭ። ኒሻንን ለመምህሩ አትጻፉ የምለው የፋርስ ስለሆነ አይደለም። በእኛ አገር ኒሻን የመንግሥት ስለሆነ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰሎሞንን ማኅተም ኒሻን አቋቋሙ። ምኒልክ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻንን ጨመሩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1922 እ.ኤ.አ.፣ የንግሥተ ሳባ ኒሻን መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 እ.ኤ.አ. የቅድስት ሥላሴን ኒሻን አቋቋሙ። እነዚህ የአውሮፓን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። አውሮፓውያን ኒሻንን «ኦርደር» ይሉታል፤ በዚህ ስም የሚጠሩት በመጀመሪያ የፈረሰኞች ማኅበርን ነበር። ኒሻን የተቀበለ ሰው ወደ ማኅበሩ እንደገባ ይቆጠራል፤ ውስጡም ደረጃ አለ። «ታላቅ ኮርዶን» የሚባለው ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርደው ሰፊ ጥብጣብ የላይኛው ደረጃ ምልክት ነው። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ኒሻንና ሽልማት በሕግ መሠረት የመስጠት ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ነው። ማንኛውም ተቋም ሽልማት መስጠት ይችላል። ኒሻን ግን የአገር ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ሳሎናቸው ሰቅለው አንድ ዐዋቂ እንግዳ «ኒሻኑን ማን ሰጠዎት?» ቢላቸው ምን ይመልሳሉ? ልናከብራቸው ብለን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ውስጥ አናስገባቸው።

ምክሬ ይህ ነው። ዝግጅቱን «የሽልማትና የምስጋና ቀን» በሉት። ለተማሪዎቹ ሜዳሊያ፣ ለቡድኑ ዋንጫ ስጡ፤ ስማቸውንም በዚሁ ጻፉት። ለመምህሩ ቡሉኮ አልብሷቸው፤ ከጎኑ ደግሞ በርጩማ ስጡ። የጅማ ጠራቢዎች ከዋንዛ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ሲያወጡት ዕድሜ ይጠግባል። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ላስተማሩ ሰው መቀመጫ መስጠት ከየትኛውም የመስተዋት ሰሌዳ የበለጠ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። በርጩማው ጠርዝ ላይ ወይም በትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ይህን አስቀርጹ፦ «ትውልድ ላስተማሩ መምህራችን ከትምህርት ቤታችን የተሰጠ የክብር ሽልማት። ጅማ።» ከዚያ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን አስከትሉ። በአፋን ኦሮሞም በቁቤ፣ በእኩል የፊደል መጠን ይጻፍ። ሽልማት ባዻሳ ነው፤ ዋንጫ ዋንጫ ነው። ትርጉሙን አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ የሆነ የቋንቋ መምህር ይይላችሁ፤ ከአማርኛው ቃል በቃል አታስገልብጡት።

ለሜዳሊያው ስትከፍሉ ስለ ቁሱ እውነቱን ጻፉ። ቃሉ የብረት ቃል ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ እንኳ አብዛኛው ብር ነው፤ የሚለበጠው ቢያንስ 6 ግራም ወርቅ ነው። በ1896ቱ የአቴና ውድድር አንደኛ የወጣው የተቀበለው ብር ነበር፤ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ የሚለው ቅደም ተከተል የመጣው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ብረት ገዝታችሁ ሰርተፍኬቱ ላይ «የወርቅ ሜዳሊያ» ብትሉ ነገ ንብረት ክፍል ወይም ኦዲተር ይጠይቃችኋል። «የ1ኛ ደረጃ ሜዳሊያ» ይበቃል። ነሐስና መዳብም አይምታቱ፤ መዳብ ብቻውን ያለ ማዕድን ነው፣ ነሐስ መዳብ ከሌላ ማዕድን ጋር ሲቀልጥ የሚገኝ ነው። ሦስተኛ የሚወጣው የሚሸለመው ነሐስ ነው።

ፊደሉን አንድ አድርጉ። ሜዳሊያ ወይም ሜዳልያ፣ አርማ ወይም ዓርማ፣ አንዱን ያዙና ከመጋበዣ ካርዱ እስከ ሰሌዳው በዚያው ጨርሱ። የሰው ስም ላይ ግን ምርጫ የላችሁም። መምህሩ ስማቸውን በ«ፀ» ከጻፉ በ«ፀ»፣ በ«ጸ» ከጻፉ በ«ጸ» ነው፤ ከመታወቂያቸው ላይ ገልብጡ። ጽሑፉን ለቀራጩ በስልክ አትንገሩት። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ሁለት ሰው አንብቦ ፈርሞበት፣ በወረቀት ይሂድ። መጀመሪያ ቀለም በተቀባ ካርቶን ላይ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ እንጨትና ነሐስ ላይ የገባ ስሕተት አይፋቅም።